የኃይለ ተባዕት ዱቄትና ሚዛነኛዋ አንጓች

ሞገሳ የምትባል አገር ነበረች አሉ። የት ነበረች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ሩቅ ናት እለዋለሁ፤ በጣም ሩቅ። እንዲህ ያለ ነገር በቅርብ አይደረግማ።

ንጉሡ አባ መብረቅ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት የሞገሳ ወንዶች ደከሙ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው እስኪመሽ ድረስ ከወንዙ ዳር ወደ ተራራው አናት ድንጋይ ይሸከማሉ። ምሳቸው አንዳንድ ጭብጥ ቆሎ ናት። ሌሊት ደግሞ ንቁ መሆናቸው እንዲታወቅ ሦስት ጊዜ ደወል ይደወላል፤ በየጊዜው ከቤታቸው ወጥተው «አለን!» ማለት አለባቸው። ድንጋዩ ለንጉሡ የግርማ ግንብ ነው። ግንቡ ለምን እንደሚያገለግል የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ትልቅ እንደሚሆን ግን በአዋጅ ተጽፏል።

የአገሩ ሊቃውንት ተሰብስበው የድካሙን ምክንያት አርባ ቀን መረመሩ። ድንጋዩን አገላብጠው አዩት፤ እንከን አጡለት። ቆሎውን ቀመሱት፤ ጥሩ ተቆልቷል አሉ። ደወሉን አስደወሉት፤ ድምፁ ደስ አላቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይመረመሩ የቀሩት ወንዶቹ ብቻ ሆኑ፤ ስለዚህ ወንድነት አንሷቸዋል ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ከዚያ ወዲያ ለወንድነት ሹም ተሾመለት። ሹሙ ሊቀ ጎበዛት አስጨናቂ ይባላሉ። ቁመታቸው መካከለኛ፣ ካባቸው ግን ረጅም ነበር። እሳቸው ሁለት ነገር አመጡ። አንደኛው ኃይለ ተባዕት የተባለው ዱቄት ነው፤ ወንድ ሁሉ በየማለዳው አንዳንድ ማንኪያ ይውጣል። ሁለተኛው የቅዳሜ ጩኸት ነው። በአደባባዩ ላይ ውሃ የሞላ ጋን ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ወንድ በወር አንድ ቅዳሜ ተራው ሲደርስ ወደ ጋኑ ጎንበስ ብሎ «ወንድ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ውሃው ከተንቀጠቀጠ ስሙ በወንዶች መዝገብ ይሰፍራል። ካልተንቀጠቀጠ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመከራል፣ ለሁለተኛ ጊዜ የግማሽ ፊቱን ጢም ይላጫል፣ በሦስተኛው ማጎልመሻ ቤት ይገባል። ሹማምንት መጮኽ አያስፈልጋቸውም። ሹም መሆናቸው ራሱ ውሃ ያንቀጠቅጣል ተብሎ ስማቸው ቀድሞ ተጽፏል።

በዚያ ከተማ አንጓች የምትባል የቅመም ሚዛነኛ ነበረች። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው በኮረሪማ ወይም በጥቁር አዝሙድ ከተጣላ ወደ እሷ ይመጣል። ቆንጥራ ምላሷ ላይ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና «ይሄ ግማሹ ያምናው ነው» ትላለች፤ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ባሏ ምንይችል ድንጋይ ተሸካሚ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ከድሮውም ሲናገር ጎንበስ ብለው ካላዳመጡት አይሰማም። አንጓችም ያገባችው ስለዚሁ ነበር፤ አባቷ ጯኺ ነበሩና። አሁን ግን ይህ ትሕትናው በመንግሥት ላይ ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቅዳሜ ወድቆ፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ በሻሽ ተጠምጥሞ ነበር የሚሄደው።

ዱቄቱ መሰጠት በጀመረ በስምንተኛው ወር የጋኑ ውሃ ጭራሽ ረጋ። ነገሩ ለንጉሡ ተነገረ። ንጉሡም «ዱቄቱ ይመርመር» አሉ። አሁን ችግር መጣ። ዱቄቱ ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ዱቄቱ ያስፈለገው ወንድ ነው፤ ዱቄቱ ያስፈለገው ወንድ ደግሞ መመርመር አይችልም፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ሹማምንቱ ሦስት ቀን ተነጋግረው መርማሪው ሴት እንድትሆን ወሰኑ። ሴት ብትሳሳት ማንም አይገረምም፣ ትክክል ብትሆን ማንም አይሰማትም፤ በሁለቱም በኩል ደኅና ነው አሉ።

አንጓች ተጠራች። ሊቀ ጎበዛት ከወንበራቸው ሳይነሡ ከረጢቱን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት።

«አንቺ ነሽ ምላሰኛዋ?»

«ሚዛነኛ ነኝ ጌታዬ።»

«ያው ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፉትን ዕፅዋት አይተሽ መኖራቸውን ታረጋግጫለሽ፣ ማኅተምሽን ታትሚያለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

አንጓች የከረጢቱን ጽሑፍ አነበበች። አብሽ፣ ግዛዋ፣ የሳማ ሥር፣ ኩርንችት፣ ዝንጅብል፣ የዱባ ፍሬ፣ የአንበሳ እስትንፋስ፣ ፀሐይ። ከሥሩ በቀይ ቀለም «መጠን፦ የመንግሥት ምስጢር» ይላል።

«ጌታዬ፣ መጠኑ ካልተጻፈ ምኑን እመዝናለሁ?»

«ስሙን መዝኚ» አሏት።

ሃያ ቀን ሙሉ በዱቄቱ መጋዘን ተቀምጣ ሠራች። ማንኪያዋን በትክክል አስተካክላ እየቀዳች በሰባት ዓይነት ወንፊት ነፋችው። ውሃ ላይ በትና የሚንሳፈፈውን ከሚዘቅጠው ለየች። ከሰል ላይ ጣል አድርጋ ጢሱን አሸተተች። የቀረውን በምላሷ ለየችው። ሥራዋን ትወድ ስለነበር በመጀመሪያው ሳምንት አልተናደደችም፤ ተገረመች እንጂ።

አብሹ ነበረበት። አንድ ሰው አብሽ ጠቀመኝ እንዲል በቀን ሙሉ እፍኝ ያህል ያስፈልገዋል፤ በማንኪያው ውስጥ ያለው ሦስት ፍሬ ነው። ግዛዋው ነበረበት። እናቷ ለዛለ ሰው የግዛዋ ሥር በጣት ልክ እየቆረጡ፣ እየዘፈዘፉ፣ ሁለት ወር ያህል ያጠጡ እንደነበር ታስታውሳለች። በማንኪያው ያለው ግን ጥፍር ሥር የሚገባውን ያህል ነው፤ እሱም ሥሩ ሳይሆን ቅጠሉ። የዱባ ፍሬውን ሹማምንቱ ቆርጥመውት ልጣጩ ተፈጭቷል። ዝንጅብሉን አስነጥሷት ነው ያወቀችው። የሳማው ሥር አፈሩ ሳይታጠብ ስለገባ አፈሩ ከሥሩ ይበልጣል። ኩርንችት ግን አልተሰሰተም፤ በየመንገዱ የሚበቅል እሾህ ስለሆነ እንደልብ ተጨምሯል። አንጓች በዕድሜዋ ኩርንችት ሰው ሲጠቅም ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ የተጠቀመው ሰውም ጫማ ሠሪ ነበር።

«ፀሐይ የተባለው የትኛው ነው?» ብላ የመጋዘኑን ጠባቂ ጠየቀችው።

«ከረጢቱ አንድ ጧት መስኮት አጠገብ ይቀመጣል።»

«የአንበሳው እስትንፋስስ?»

«ሲመጣ በአንበሳው ግቢ በኩል ነው የሚያልፈው» አላት ጠባቂው፤ ፊቱ ላይ የፈገግታ ምልክት አልነበረም። «አንበሳው ተኝቶ ከሆነ እስኪነቃ እንጠብቃለን።»

ከዚህ ሁሉ የተረፈው፣ ማለትም ከአሥር እጅ ዘጠኙ እጅ፣ በሶ ነበር። ደኅና የገብስ በሶ! ወንዶቹን በእርግጥ ሊጠቅም የሚችለው አንድ ነገር ከረጢቱ ላይ ስሙ ያልተጻፈው ነው፤ እሱም በማንኪያ ነው የሚሰጠው። ሌላም ያልተጻፈ ነገር አገኘች። ምላሷን ሲያንገበግባት ቆይቶ በሃያኛው ቀን ለየችው፤ ሬት ነው። መራራውን የሚያመጣው እሱ ነው። በአንድ ማንኪያ ልክ ሆድ ያጉረመርማል እንጂ ብዙ አይጎዳም።

በዚያ ቀን ቤቷ ገብታ ለምንይችል ነገረችው። ስለ ዱቄቱ መናገር ክልክል ነበር፤ ግን ባሏ ነው፣ እሷም መሳቅ አምሯታል። የአንበሳውን ነገር ስትነግረው እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ፦

«ግን ግዛዋው እውነተኛ ነው አልሽ?» አላት።

«እውነተኛ ነው፤ ምን ዋጋ አለው? የእናቴን ልክ ለማግኘት አርባ ማንኪያ መዋጥ ሊኖርብህ ነው» አለችው፤ ወጡን እያማሰለች። የሬቱን ነገር ልትነግረው ስትል ጎረቤት መጣችና ሳትነግረው ቀረች።

ምንይችል ሦስተኛው ጩኸቱ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። በነጋታው ከጓደኞቹ ድርሻ ለምኖ፣ ከራሱ ያጠራቀመውን ጨምሮ፣ ከድንጋዩ መፍለጫ ጀርባ ተቀምጦ አርባ ማንኪያ ቆጥሮ በውሃ በጥብጦ ጠጣ። መራራውን የቻለው ለሚስቱ ሲል ነበር፤ ማጎልመሻ ቤት የገባ ሰው ሚስት የማን ሚስት ተብላ እንደምትጠራ ያውቃል።

ቀትር ላይ በቃሬዛ አመጡት። ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሬቱ አውጥቶ ጨርሶታል፤ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እጁ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል። አንጓች ጨውና ማር በውሃ እያማሰለች በጠብታ አጠጣችው፤ ሲመልሰው እንደገና አጠጣችው። በሃያ ቀን በሰባት ወንፊት ነፍታ ባገኘችው እውነት፣ በአንዲት የግድየለሽ ቃል ባሏን ልትገድል ነበር።

«ምን ነካህ ምንይችል? ምን ነካህ?»

«አርባ አልሽ እኮ» አላት፤ ከወትሮው በቀጠነ ድምፅ። «ቆጥሬ ነው የጠጣሁት። አንድም አላጎደልኩም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

በማግስቱ ሹማምንቱ ምርመራውን ሊሰሙ ተቀመጡ። አንጓች ወንፊቶቿንና ስምንት ትናንሽ ቁልሎችን በሰፌድ ላይ ደርድራ ቀረበች። ከቁልሎቹ አንዳንዱ እስትንፋስ እንዳያበነው አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምትናገረው።

«ጥያቄው አጭር ነው» አሉ ሊቀ ጎበዛት። «ግዛዋ አለበት ወይስ የለበትም?»

«አለበት ጌታዬ፤ ግን መጠኑ...»

«አለበት» አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው። «ጻፍ። አብሽስ?»

«ሦስት ፍሬ ነው ጌታዬ።»

«አለበት። ጻፍ። የዱባ ፍሬ?»

«ልጣጩ ብቻ...»

«አለበት። ፀሐይ?»

አንጓች ሰፌዷን አየች።

«ፀሐይ የለም ልትዪ ነው?» አሉ ሌላው ሹም፤ መስኮቱን እያሳዩ። ፀሐይዋ ወለል ብላ ትታይ ነበር። ጸሐፊው ሳይጠየቅ ጻፈ።

«ጌታዬ፣ ሬትም አለበት» አለች አንጓች። «ሬቱ ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።»

«ካልተጻፈ የለም።»

«ትናንት ባሌን ሊገድለው ነበር!»

ሊቀ ጎበዛት እንደ መምህር ለስለስ ብለው፦ «መራራ ካልሆነ መድኃኒት መሆኑን በምን ያውቁታል?» አሏት። ጥያቄውን ከልባቸው ነበር የጠየቁት፤ ነገሩን የባሰ ያደረገውም ይኸው ነው።

ከዚያ ሌሎቹን አስወጥተው ወደ እሷ ቀረብ አሉ። «ባልሽ ቅዳሜ ሦስተኛው ነው። ማኅተምሽን ካሳረፍሽ ጋኑን እኔ ራሴ በእግሬ ነካ አደርገዋለሁ። ይንቀጠቀጣል። አንድም ሰው አያይም።»

አንጓች ማኅተሟን ከመቀነቷ አውጥታ በእጇ ያዘችው። ደፋር ሴት አልነበረችም። የተላጨው የባሏ ጉንጭ ታያት፤ የጎረቤቶቿ አፍ ታያት። ማኅተሙን ከቀለሙ ላይ አስነክታው ነበር። ሆኖም ይህ ወረቀት በአደባባይ ሲነበብ የሚሰማ፣ ሁለቴ የወደቀ፣ መቁጠር የሚችል ሌላ ሰው እንዳለ ታሰባት። የዚያ ሰው ሚስት ጨውና ማር በውሃ እንደሚሰጥ ባታውቅስ?

«አልችልም ጌታዬ» አለችና ማኅተሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

በዚያው ቀን ሚዛኗ ተወረሰ። በወረቀቱ ላይም «መርማሪዋ ሁሉም መኖራቸውን በቃሏ አረጋግጣለች» ተብሎ ያለ ማኅተም ጸደቀ።

ቅዳሜ ምንይችል በሁለት ሰው ተደግፎ አደባባይ ወጣ። ወደ ጋኑ ጎንበስ አለ። ከአፉ የወጣው ድምፅ የጫጩት ነበር። ውሃው ላይ አንዲት ዝንብ ተቀምጣ ነበር አሉ፤ እሷም አልተነሣችም። ማጎልመሻ ቤት አስገቡት፤ ሕዝቡም ፊቱን አዞረ፤ አንጓች ብቻ በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየችው።

ሚስቶች እንዲጠይቁ የሚፈቀደው በወር አንዴ ነው። አንጓች ያንን ወር ያሳለፈችው ሚዛን በሌለው እጇ ገበያ እየዋለች ነው። ቀኑ ሲደርስ ያላትን ቂቤ ቋጥራ ሄደች። የተቀበላት ሰው ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ጢሙ በሁለቱም በኩል የበቀለ፣ ዓይኑ የጠራ ሰው ነው። አላወቀችውም ማለት ይቻላል።

«ደኅና ነሽ ወይ?» አላት። ደነገጠች። ጎንበስ ሳትል ሰማችው።

«ምንድን ነው የሚሰጧችሁ? ዱቄቱን ጨመሩላችሁ?»

«ኧረ ዱቄትስ የለም። ዱቄቱ ለወንድ ብቻ ነው፤ እኛ አይደለንም ተብሏል።»

«ድንጋይስ?»

«የንጉሥ ድንጋይ ለእኛ አይታመንም።»

«ደወሉስ?»

«ብንኖር ባንኖር ማን ግድ አለው? አይደወልልንም።» ምንይችል ዙሪያውን አየና አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቀን ሁለቴ ገንፎ ይሰጡናል፤ የውርደት ምግብ ነው ተብሎ። የቀረውን ጊዜ... እንተኛለን።»

አንጓች መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ አልቻለችም፤ ቂቤውን እንደ ያዘች ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምንይችልም እሷን አይቶ ሳቀ፤ የሳቁ ድምፅ ኮርኒሱ ላይ የነበሩትን እርግቦች አስበረገጋቸው።

ገበያ ስትመለስ ለማንም ምንም አላስተማረችም። የምርመራውን ቃል እንዳትናገር ታዝዛለች፤ አልተናገረችም። ሴቶች በሐዘን ድምፅ «ባልሽ እንዴት ነው?» ሲሏት ብቻ የጠየቋትን ትመልሳለች።

«ደኅና ነው፤ ተኝቷል።»

«ታመመ?»

«የለም። በልቶ ተኝቷል።»

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ አርባ ሰው በጋኑ ላይ እንደ ጫጩት ጮኸ። በሚቀጥለው ሦስት መቶ ሆኑ። ከእነሱ መካከል ትከሻው የበር ስፋት የሚያህል አንጥረኛ ነበር፤ ጩኸቱን ቤቱ ሆኖ ሲለማመድ ሚስቱ «እንደሱ አይደለም፣ ቀጭን አድርገው» ስትለው ጎረቤት ሰምቷል። ሊቀ ጎበዛት ለንጉሡ ደብዳቤ ጻፉ፦ «ዱቄቱ መሥራት ጀምሯል፤ ሊሻላቸው ሲል ነው የባሰባቸው።» ሦስት ጊዜ የወደቀው ሲበዛ ማጎልመሻ ቤቱ ሞላ፤ ሁለተኛ ተሠራ፤ ሦስተኛ ተሠራ። ቤቶቹን የሠሩት እዚያ የሚገቡት ሰዎች ናቸው፤ እንደዚያ ደስ እያላቸው የሠሩት ሥራ በሞገሳ ታይቶ አይታወቅም።

በአምስተኛው ወር ንጉሡ ከመስኮታቸው ሆነው ሲያዩ ግንቡ ላይ ሰው የለም። ተቆጡ። «ወንድነታቸው በመዝገብ የተረጋገጠ ሁሉ አሁኑኑ ድንጋይ ይሸከም!» ብለው አዘዙ። መዝገቡ ተገለጠ። ስማቸው ያልተሰረዘ ስድሳ አራት ሰዎች ተገኙ፤ ሁሉም ሹማምንት ናቸው። በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው የሊቀ ጎበዛት አስጨናቂ ስም ነው።

ካባ ለብሶ ድንጋይ መሸከም አይመችም። ረጅም ካባ ደግሞ ይጠልፋል። ሹማምንቱ በጭብጥ ቆሎ ውለው፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥተው «አለን!» እያሉ አሥራ ሰባት ቀን ሠሩ። ዱቄቱም አልቀረባቸውም፤ የወንዶች ድርሻ ሁሉ ለእነሱ ሆኗልና በማለዳ በማለዳ እየመረራቸው ዋጡት።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንጓች ደጃፏ ላይ ኮረሪማ እየፈለፈለች ነው። ምንይችል ጊዜውን ጨርሶ ወጥቷል፤ የሚቀጥለውን ጩኸት እስኪወድቅ ድረስ ቤቱን እየጠገነ ነበር። አንድ ሰው በአጥሩ ጥግ እየተጎተተ መጣ። ትከሻው ተልጧል፤ ካባው ከጉልበቱ በላይ ተቀዷል። ድምፁን ባትሰማ ሊቀ ጎበዛት መሆናቸውን አታውቅም ነበር።

ግራና ቀኝ አይተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «የመጣሁት ለሰው ነው» አሉ። «አንድ... የማውቀው ሰው አለ። ደክሞታል። እውነተኛው መጠን ስንት ነው?»

«የምኑ ጌታዬ?»

«የግዛዋው፣ የአብሹ... የሚሠራው መጠን።»

አንጓች ልትስቅባቸው ትችል ነበር። ትከሻቸውን አየችና ተወችው። ገብታ በሶ በማር በጥብጣ በትልቅ ዋንጫ አመጣችላቸው። ሳያቆሙ ጠጡት።

«ይብሉ» አለቻቸው። «ከዚያ ይተኙ። ከዚያ ድንጋዩን ያስቀምጡ። ይህን አድርገው የቀረ ድካም ካለ ያን ጊዜ ስለ ግዛዋ እንነጋገራለን።»

ሊቀ ጎበዛት አዘኑ። ትልቅ ምስጢር ሊሰሙ ነበር የመጡት። «ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል» አሉ። ቀጥሎም አንድ ሐሳብ መጣላቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸው በግድ ተገለጠ። «እንቅልፉን አድርቆ... ፈጭቶ... በከረጢት ማድረግ አይቻል...»

ጥያቄውን አልጨረሱትም። ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዘመም አለ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ምንይችል መዶሻውን እንደ ያዘ ወጥቶ አያቸው። ከተራራው በኩል የሹማምንቱን ስም የሚጠራው ሰው ድምፅ ይሰማል።

«እየተጠሩ ነው» አለ፤ «ልቀስቅሳቸው?»

አንጓች የወደቀውን ዋንጫ አነሣች። «ተወው፣ ይተኛ» አለች። «ከነቃ ሹም ይሆንብናል።»